«አንተ» በጃፓንኛም «አንታ» ነው፤ ዝምድና ይሆን ወይስ አጋጣሚ?

ቃል ለቃሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ትናንት ማታ የሁለት ሰዎች ጭውውት እያዳመጥኩ ሳለ አንዷ ሌላዋን «አንታ» ስትላት ሰማሁ። መልሼ አዳመጥኩት። አልተሳሳትኩም። መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ ትርጉሙ «አንተ» ሆኖ አገኘሁት! እንቅልፌ ጠፋ። ግዕዙ «አንተ»፣ ዓረብኛው «አንተ»፣ ዕብራይስጡ «አታ»፣ ጃፓንኛው ደግሞ «አንታ»። ይሄ ሁሉ እንዲያው በዘፈቀደ ይገጥማል?

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ መልቀም ጀመርኩ። ስንሰነባበት «ቻው» እንላለን፤ ቬትናሞች ሰላም ሲሉ «ቻኦ» ይላሉ። የኛ «ሻይ» በቻይንኛ «ቻ» ነው። ዓይን በግሪክ «ማቲ»፣ በማላይ «ማታ» ነው። «ማማ» እና «ባባ» ደግሞ የሌሉበት ቋንቋ ያለ አይመስልም።

የገረመኝ ሁሉም አጫጭር መሆናቸው ነው። ረጃጅም ቃላት እንዲህ ሲመሳሰሉ አላየሁም። ለምን ይሆን? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሥርወ ቃል

ደስ የሚል ጥያቄ ነው ያመጣሽው። «አንታ» ግን የኛ ዘመድ አይደለም።

ሙሉው የጃፓንኛ ቃል «አናታ» ነው። «አናታ» ድሮ ሰው መጥሪያ አልነበረም፤ «ወዲያ፣ በዚያ በኩል» ማለት ነበር። ሰውን ፊት ለፊት መጥራት ድፍረት ስለሚመስል፣ ያለበትን አቅጣጫ እየጠሩ በአክብሮት ማናገር ተለመደ። ቀስ በቀስ አቅጣጫው ራሱ ተውላጠ ስም ሆነ። ከዚያ በፈጣን ንግግር መሀል ላይ ያለው አናባቢ ወደቀና «አንታ» ቀረ። ስለዚህ መነሻው ላይ ስንደርስ «አንተ»ን አናገኝም፤ የምናገኘው «ወዲያ»ን ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ እሱን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል። አንዷ ሌላዋን ነው «አንታ» ያለቻት። የኛ «አንተ» ለሴት አይሆንም። ለሴት አማርኛው «አንቺ»፣ ግዕዙና ዓረብኛው «አንቲ»፣ ዕብራይስጡ «አት» ይላሉ። በሴማዊ ቋንቋዎች ወንድና ሴት መለየት ከቃሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጃፓንኛው ጨርሶ አይለይም።

ባቤል

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አንዱ አጋጣሚ ነው ትላላችሁ፤ እሺ። ሁለተኛውስ? ሃያኛውስ? ጃፓኖች ሲያመሰግኑ «አሪጋቶ» ይላሉ፣ ፖርቹጋሎች «ኦብሪጋዶ»። ፋርሶች መጥፎን «ባድ» ይሉታል፣ እንግሊዞችም «ባድ»። የሰው ልጅ አንድ ቋንቋ ነበረው፤ እነዚህ ፍርፋሪዎቹ ናቸው። እንደኔ የቃል ለቃሚዋ ደብተር የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ተርጓሚው

ባቤል፣ «አሪጋቶ» ብዙ ሰው ከፖርቹጋልኛ የተወሰደ ይመስለዋል። ፖርቹጋሎች ጃፓን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። የቃሉ ጥንታዊ ቅርጽ «አሪጋታሺ» ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ በጃፓን ጽሑፎች ውስጥ አለ። ትርጉሙም «ለመኖሩ የሚያስቸግር፣ ብርቅ» ማለት ነው። ብርቅ ነገር ሲደረግልህ ታመሰግናለህ፤ መንገዱ ይሄ ነው። ፖርቹጋልኛው ደግሞ «ውለታ አለብኝ፣ ታስሬያለሁ» ከማለት የመጣ ነው። ሁለቱ መንገዶች የትም አይገናኙም።

ለኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የ«ዶግ» ነገር ነው። ምባባራም የሚባል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነበር። ዲክሰን የተባለው የቋንቋ ሊቅ ቋንቋውን ከሚያስታውሱ የመጨረሻ ሰዎች አንዱን አግኝቶ ቃላት መመዝገብ ሲጀምር፣ ውሻን ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀ። መልሱ «ዶግ» ሆነ። ልክ እንደ እንግሊዝኛው! ዲክሰን መጀመሪያ ላይ ሰውየው የጠየቀውን ቃል መልሶ የነገረው መሰለው። በኋላ የጎረቤት ቋንቋዎችን ሲያይ ነው የገባው። ጥንታዊው ቃል «ጉዳጋ» ነበር። ምባባራም የቃላትን መነሻ የመጣል ጠባይ ነበረው፤ መጨረሻውም ተሸራረፈ። ከ«ጉዳጋ» የተረፈው «ዶግ» ነው። ይህ የሆነው ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም ሳይነካካ ነው።

የቁጥር ሰው

ባቤል የጠየቀው «ሃያኛውስ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ በቁጥር ሊመለስ ይችላል።

20 ተነባቢና 5 አናባቢ ያለው ቋንቋ አስቡ። አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ያለው ቀለም ስንት ይወጣዋል? 100። አሁን ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት እንዲህ ያሉ ቋንቋዎች እነዚህን 100 ቀለሞች ለ100 ትርጉሞች በዕጣ ያከፋፍሉ። ውሃ፣ እሳት፣ ዓይን፣ ሂድ፣ ና፣ እንዲህ እያለ። በአማካይ ስንት ቃል ፍጹም ይገጥማል? አንድ። ምንም ዝምድና ሳይኖር፣ በዕጣ ብቻ።

ይህ በጥብቅ ሚዛን ነው። እኛ ግን እንዲህ አንጠብቅም። «ማቲ» እና «ማታ» ሲለያዩ እናልፋቸዋለን። ደ እና ተን እንደ አንድ እንቆጥራለን። ትርጉሙ «ዓይን» ባይሆን «ፊት»ም ይበቃናል፣ «ማየት»ም ይበቃናል። በዚህ ልቅ ሚዛን የሚገጥሙት ብዙ እጥፍ ይሆናሉ። ደግሞ ሁለት ቋንቋ ብቻ አይደለም ያለው። ወደ 7,000 ገደማ ናቸው ቢባል፣ ሁለት ሁለት እያደረግን ስናነጻጽር ከ24 ሚሊዮን በላይ ጥንዶች ይወጣሉ። እንዲያውም የሚገርመው ተመሳሳይ ባይገኝ ነበር።

ቃል ለቃሚዋ፣ ረጃጅሞቹ ለምን አይመሳሰሉም ላልሽውም መልሱ እዚሁ ነው። ሦስት ቀለም ያለው ቃል ሊሠራ የሚችልበት መንገድ 100 በ100 በ100፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ነው። እዚያ ላይ ዕጣ አይረዳም። ረዥም ቃል በድምፅም በትርጉምም ፍጹም ከገጠመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዘመድ ነው ወይ ተውሶ ነው።

ተርጓሚው

ስለ ተውሶ ካነሳን «ሻይ» እና «ቻው» የዚያ ወገን ናቸው። አጋጣሚም ዝምድናም አይደሉም፤ ተጓዦች ናቸው።

ሻይ የሚጻፍበት የቻይና ምልክት አንድ ነው፤ አነባበቡ ግን እንደየአካባቢው ይለያያል። በአብዛኛው ቻይና «ቻ» ይባላል። በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በሚነገረው በሚን ቋንቋ «ቴ» ይባላል። በየብስ የሄደው ቃል በፋርስ «ቻይ» ሆነ። ከዚያ ሂንዲው፣ ቱርክኛው፣ ራሽያኛው «ቻይ» አሉት። ዓረብኛ «ቸ» ስለሌለው «ሻይ» አለው፤ የኛም ከዚያ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሻይ በመርከብ ወደ አውሮፓ በብዛት ያጓጓዙት ሆላንዶች ግን የተገናኙት ከሚን ተናጋሪዎች ጋር ነበር። ስለዚህ ሆላንድ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን «ቴ»ን ወይም «ቲ»ን ወረሱ። ፖርቹጋሎች «ቻ» በሚባልባት በደቡብ ቻይናዋ ወደብ በማካው በኩል ስለነገዱ «ሻ» አሉት። አንድ ቀለም ያለው ቃል የንግድ መንገድ ካርታ ሲሆን አይገርምም?

«ቻው» ደግሞ ከጣልያንኛ ነው የመጣልን። ጣልያንኛው የመጣው ከቬኒስ ንግግር ነው። ሙሉው «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነበር፤ እኛ «ታዛዥዎ ነኝ» እንደምንለው። «ባሪያ» የሚለው የቬኒስ ቃል ራሱ የስላቭ ሕዝቦች መጠሪያ ከነበረው የላቲን ቃል የወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ ተይዘው ይሸጡ ስለነበር የሕዝብ ስም የባርነት ስም ሆነ። በየቀኑ በፍቅር የምንሰነባበትባት ቃል ይህን ያህል መከራ ተሸክማለች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዝም ብዬ አልላትም። የቬትናሙ «ቻኦ» በዚህ ታሪክ ውስጥ የለበትም። የራሱ ቃል ነው፤ በአጋጣሚ ገጠመ።

ልጅ አሳዳጊ

ስለ «ማማ» ማንም ስላላነሳ ልጨምር። እኔ የሁለት ሕፃናት እናት ነኝ፤ ጆሮዬ ላይ ያለ ነገር ነው። ያኮብሰን የሚባለው ሊቅ ስለዚሁ ጽፏል። ሕፃን ጡት አፉ ውስጥ እያለ ሊያሰማ የሚችለው በአፍንጫ የሚወጣ «ም…ም» ብቻ ነው። አፉን ሲከፍት «ማ» ይሆናል። በከንፈር የሚወጡት መ፣ በ፣ ፐ ለሕፃን ቀላል ናቸው፤ «አ» ደግሞ አፍ መክፈት ብቻ ይበቃዋል። እኛ ወላጆቹ ነን ያንን ድምፅ «እኔን ነው የጠራው» ብለን ስም የምናደርገው።

ለዚህ ጥሩ ማረጋገጫ ጆርጂያኛ ነው። በጆርጂያኛ «ማማ» አባት ነው! እናት «ዴዳ» ናት። ድምፆቹ ያው የሕፃን ድምፆች ናቸው፤ የማን ስም እንደሚሆኑ የወሰነው ማኅበረሰቡ ነው።

ሥርወ ቃል

ልጅ አሳዳጊ ባነሳሽው ላይ አንድ ነገር ልቀጥል። ግሪኮች አባታቸውን በልጅ አንደበት «ፓፓስ» ይሉ ነበር። ቃሉ አደገና የቤተ ክህነት አባቶች መጠሪያ ሆነ። በላቲን በኩል ሄዶ የሮም «ፖፕ» ሆነ፤ ወደ ግዕዝ ገብቶ «ጳጳስ» ሆነ። የአራማይክ «አባ» ደግሞ በግሪክና በላቲን አልፎ የገዳም አበምኔት መጠሪያ ሆኗል። እንግሊዝኛው «አቦት» ያ ነው። ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን የጀመረው ድምፅ ስንት ማዕረግ ላይ ወጣ!

መምህር ዘጡረታ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው እስካሁን አነበብኩት። ብዙ ዓመት ሰዋስው አስተምሬያለሁ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ እስካሁን ዝምድና ያልሆነውን ነው የነገራችሁን። ዝምድና የሆነውስ በምን ይታወቃል?

በመመሳሰል አይታወቅም። ሥርዓት ባለው ልዩነት ነው የሚታወቀው። እነዚህን ተመልከቱ። አማርኛ «ስም»፣ ዕብራይስጥ «ሼም»። አማርኛ «ራስ»፣ ዕብራይስጥ «ሮሽ»። «ነፍስ» እና «ኔፌሽ»። «ሰማይ» እና «ሻማይም»። «ሰላም» እና «ሻሎም»። «ሰባት» እና «ሼቫ»። እኛ ስ ባልንበት እነሱ ሽ ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ። ዓረብኛው ከኛ ጋር ይሄዳል፦ «ኢስም»፣ «ራእስ»፣ «ነፍስ»፣ «ሰላም»፣ «ሰብዓ»። አጋጣሚ አንድ ቃል ሊያገጥም ይችላል፤ ሕግ ሊያወጣ ግን አይችልም። ከአንድ ወላጅ የተወለዱ ቋንቋዎች ብቻ ናቸው በሕግ የሚለያዩት።

አጫጭሮቹን ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአንድ ፊደል በላይ የማይሄዱትን እነሆ። «ለ» በግዕዝና በአማርኛ፣ በዕብራይስጥ «ለ»፣ በዓረብኛ «ሊ»። «በ» እንዲሁ፤ «በ»፣ «ቢ»። እነዚህ መስተዋድዶች ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ የቁጥር ሰው ባለው ዕጣ ይወድቁ ነበር። ግን ከእነ«ደም»፣ ከእነ«ቤት»፣ ከእነ«ስም» ጋር አንድ ላይ ነው የመጡት።

በዘመዳሞች መካከልም ግን ተጠንቀቁ። የኛ «ማን» እና የዓረብኛው «መን» አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ማን» ማለት ነው። የኛን «ምን» አይታችሁ የዓረብኛው «ሚን» ደግሞ «ምን» ነው ብትሉ ትሳሳታላችሁ። «ከ» ማለት ነው። እሱ የሚዛመደው ከግዕዙ «እምነ» ጋር ነው።

«አፍ»ም ብዙ ያስተምራል። በሶማልኛ «አፍ»፣ በኦሮምኛ «አፋን» አፍም ነው ቋንቋም ነው። እኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን። እነዚህ ሁለቱ ያሉበት ኩሻዊና የኛው ሴማዊ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ዝምድናው ከአማርኛና ከዕብራይስጥ ዝምድና እጅግ የራቀ ነው።

ባቤል

መምህር፣ አመሰግናለሁ። የሚያከራክር ነገር አልቀረልኝም ማለት አልችልም። ከሩቅ ዘመን ሁሉም ቋንቋ ከአንድ መጥቶ ቢሆንስ?

መምህር ዘጡረታ

ሊሆን ይችላል ልጄ። ግን በቃላት መመሳሰል አይረጋገጥም። ድምፅ በየዘመኑ ይሸረሸራል። ብዙ ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላ የተረፈው ዝምድና ከአጋጣሚ ግጥምጥም አይለይም። የአርመን «ኤርኩ» ሁለት ማለት ነው፤ ከላቲኑ «ዱዎ» ጋር የአንድ ቃል ልጅ ነው። መልካቸውን አይተህ ታምናለህ? የድምፅ ሕጉ ባይታወቅ ማንም አያምንም ነበር።

ቃል ለቃሚዋ

እናንተ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ አሁን ደብተሬ ሞልቷል። መምህር፣ በእርስዎ ሚዛን አንድ ልመዝን። እንግሊዝኛ «ዴይ» እና ስፓንኛ «ዲያ»፣ ሁለቱም ቀን ማለት ናቸው። ሁለቱም አውሮፓውያን ናቸው፤ ቋንቋዎቹም ዘመዳሞች ናቸው ይባላል። እነዚህስ?

ሥርወ ቃል

መምህር ከፈቀዱልኝ እኔ ልመልስ፤ ይህችን በጣም ነው የምወዳት።

አይዛመዱም! ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ያሳየው ሕግ አለ። ላቲን ደ ባለበት እንግሊዝኛ ተ ይላል። «ዱዎ» እና «ቱ»፣ ሁለት። «ዴኬም» እና «ቴን»፣ አሥር። የስፓንኛው «ዲያ» ከላቲን «ዲዬስ» ነው። ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ ዘመድ ካለው በተ ነው መጀመር ያለበት፤ «ዴይ» በደ ስለጀመረ ተጠርጣሪ ነው። በእርግጥም መነሻው ሌላ ነው።

ግን እውነተኛው ዘመድ እንግሊዝኛ ውስጥ አለ። ማክሰኞን «ቱስዴይ» ይሉታል። «ቱስ» የሚለው «ቲው» ከሚባል የጥንት ጀርመናውያን አምላክ ስም ነው። የዚያ ስም ሥር ብሩህ ሰማይን፣ ብርሃንን የሚያመለክት ነው፤ የላቲኑ «ዲዬስ»ም፣ አምላክ ማለት የሆነው «ዴውስ»ም፣ የግሪኩ ዜውስም ከዚያው ሥር ናቸው። እንግዲህ «ቱስዴይ» ውስጥ የ«ዲያ» ዘመድ «ዴይ» ሳይሆን «ቱስ» ነው።

ልጅ አሳዳጊ

ይሄ ራሴን አዞረው፤ ደስ በሚል መንገድ። «እ?» የምንለውስ? ያልሰማነውን ሲነግሩን «እ?» እንላለን። የውጭ ሰዎችም «ሃ?» ሲሉ እሰማለሁ።

ተርጓሚው

እሷ ተጠንታለች። ዲንገማንሰና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከተለያዩ አህጉራት 10 ቋንቋዎችን በዝርዝር አይተዋል። ሁሉም ጋ አንድ አጭር ቀለም፣ ዘና ባለ አፍ የሚወጣ አናባቢ፣ የጥያቄ ዜማ። ከአንድ ምንጭ ስለመጣ አይደለም። ንግግር ሳይቋረጥ «አልሰማሁህም» ለማለት ከዚህ የፈጠነና የቀለለ ድምፅ ስለሌለ ነው። ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ሆነ።

በአፍንጫና በምላስም ላይ ቀረብ ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎችን አነጻጽሮ፣ አፍንጫ ማለት የሆኑ ቃላት ውስጥ ነ፣ ምላስ ማለት የሆኑ ውስጥ ለ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚበዛ አገኘ። አፍንጫ፣ ምላስ። በግዕዝም አንፍ፣ ልሳን። ያው ጥናት ለቀይ ረ ይበዛል ይላል፤ የኛ «ቀይ» ግን ረ የለውም። ዝንባሌ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

የቁጥር ሰው

ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን «ኦኬ»ን ረስታችኋል። ግሪኮች «ኦላ ካላ»፣ ሁሉ ደህና፣ ከማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከቾክታው ነው ይላሉ። አለን ዎከር ሪድ የሚባል ተመራማሪ ግን የድሮ ጋዜጦችን አገላብጦ መነሻውን አግኝቷል። መጋቢት 23 ቀን 1839 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ውስጥ የታተመ ጋዜጣ ላይ፣ «ሁሉም ትክክል» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ («ኦል ኮሬክት») ሆን ተብሎ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ በመነሻ ፊደላቱ ሲያጥር ነው የተወለደው። የአጭር ቃል መነሻ እንዲህ ቀኑ ጭምር ሲታወቅ ብርቅ ነው።

ቃል ለቃሚዋ

መምህር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። «እጅ»ን ልመዝን ብዬ ነበር። ዕብራይስጡም ዓረብኛውም «ያድ»፣ ግዕዙ «እድ» ይላሉ። የኛ ጅ ግን ከየት መጣች? ሕጉን ጥሳለች?

መምህር ዘጡረታ

አልጣሰችም። ራስሽ በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ። ለወንድ «ሂድ» ትያለሽ፤ ለሴትስ? «ሂጂ»። «ክፈት» ካልሽ «ክፈቺ»። «ወለደ» ብለሽ «ወላጅ» ትያለሽ። ደ ከኢ ወይም ከየ ድምፅ ጋር ሲገናኝ ጀ ይሆናል፤ የአማርኛ ጠባይ ነው። «እጅ»ም ጅዋን ያገኘችው በዚሁ ጠባይ ነው። አሮጌዋን «እድ» ከፈለግሽ ደግሞ ከግዕዝ ተውሰን እስከ ዛሬ እንጠራታለን። አስቢ እስቲ።

ቃል ለቃሚዋ

እደ ጥበብ! «የጥበብ እጅ»! ስንት ዓመት እንደ አንድ ቃል ስጠራው የኖርኩት!

እንደዚያ ከሆነ «አፈ ጉባኤ» የጉባኤው አፍ ነው። «ርእሰ ከተማ» የከተሞች ራስ ነው፤ ያ «ሮሽ»፣ ያ «ራእስ»። ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ፤ እደ፣ አፈ፣ ርእሰ ብዬ ጀምሬያለሁ። ሌላ የሚታያችሁ ካለ ጨምሩልኝ።